ሳህሊቱና የአዴ ሞሚና አረንጓዴ ሳሎን

ጭሮ ስም ለማውጣት የሚቸገር ከተማ አይደለም። ካጠርክ ስም ይወጣልሃል፣ ከረዘምክም ይወጣልሃል፣ መካከለኛ ከሆንክ ደግሞ በአባትህ በኩል ተፈልጎ ይገኝልሃል። ፎቶ አንሺዋ ሳህሊቱ ግን እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ድረስ በገዛ ስሟ ብቻ ስትጠራ የኖረች ሴት ነበረች። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ አልበም ተከፍቶ እስኪዘጋ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለእሷም ወጣላት። "ሳህሊቱ ጫቷ" አሏት።

ቅማ አይደለም። ሳህሊቱ በሕይወቷ አንዲት ቅጠል ቀንጥሳ አታውቅም። ነገሩ ከሙሽራ ፊት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን ለመረዳት ግን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ሥራውን የጀመረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የጋሼ ኃይለየሱስን ፎቶ ቤት ወለል በመጥረግ ነው። አንድ የትምህርት መክፈቻ ሰሞን ወረፋው ሲበዛባቸው ጋሼ ኃይለየሱስ "እስቲ አንቺ ያዢው" ብለው ካሜራውን አስያዟት፤ ያዘችው፣ አልመለሰችም። እሳቸው አርጅተው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ፎቶ ቤቱን ከነወንበሩና ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃው ተረከበች። የከተማው ሰው ግማሹ ለመታወቂያ፣ ግማሹ ለትምህርት ቤት፣ የተረፈው ለፓስፖርት ብሎ የሳህሊቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። "አገጭ ከፍ፣ ትከሻ ዝቅ" ስትል ያልታዘዘ ሹም የለም።

ልቧ ግን ጉርድ ፎቶ ላይ አልነበረም። ሠርግ ላይ ነበር፤ ከሠርግም የሴቶቹ ክፍል። በዚህ አገር የሙስሊም ሠርግ ሙሽራዋ ሻሿን አውልቃ፣ ሂናዋን ተቀብታ፣ ከእህቶቿና ከአክስቶቿ ጋር የምትቀመጥበት ክፍል ወንድ አይገባም። ባለሙያ ነኝ ቢልም አይገባም። ያን በር የምታልፍ፣ ካሜራ የያዘች ሴት ከጭሮ እስከ መሰላ፣ ከመሰላ እስከ ገለምሶ ሳህሊቱ ብቻ ነበረች። ማተቧን እንዳሰረች ትገባለች፤ የእነሱ ሥጋ ስለማይሆናት ለብቻዋ እንቁላል ይጠበስላታል፤ ሳቁን፣ ሐሜቱን፣ ለሙሽራዋ የሚሰጠውን ምክር ሁሉ ሰምታ እዚያው ጥላ ትወጣለች። ሴቶቹ የወደዷት ለፎቶዋ ብቻ አይደለም፤ አፏ ስላልላላ ነው።

አንድ ነገር ግን ያብከነክናት ነበር። ፍላሿ ካሜራው አናት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ይተኩሳል። ሲተኩስ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ዐይን ይደነግጣል፣ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ጠይም ሴት ነጭ ከለበሰች ደግሞ ወይ ልብሱ ይተርፋል ወይ ፊቷ፤ ሁለቱ አብረው አይወጡም። ሴቶቹ ጥፋቱን በራሳቸው አመካኝተው "እኔ ፎቶ አይወጣልኝም" ይላሉ። ስንቷን ቆንጆ ካሜራ ስታይ አንገቷን እንደ ዔሊ ስትሰበስብ አይታለች። ፊታቸውማ ምን አጠፋ!

ታዲያ አንድ ቀን በስልኳ ቪዲዮ ስታይ አንድ ፈረንጅ አገኘች። ከንግግሩ ግማሹ ገብቷት ግማሹ አመለጣት፤ እጁ የሚሠራው ግን ግልጽ ነበር። የፍላሹን ራስ ከሴትዮዋ ፊት አዙሮ ግድግዳው ላይ ተኮሰ። ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ ተመለሰ፤ ሴትዮዋም ጠዋት ደጃፏ ላይ እንደቆመች ሰው ለስልሳ ወጣች። ሳህሊቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ነጋሽ! ነጋሽ! ግድግዳውን ነው ለካ መተኮስ!"

ባሏ ነጋሽ የታሪክ መምህር ነው፤ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ሳይል "ግድግዳው ምን አደረገሽ?" አላት።

ፈረንጁ ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ የእሱ ግድግዳ ነጭ ነው። አይፈረድበትም፣ የሚያውቀው ግድግዳ ሁሉ ነጭ ሳይሆን አይቀርም። ጭሮ ላይ ግን ነጭ ግድግዳ የጤና ጣቢያ ነው። ቤቱን የሚያከብር ሰው ሳሎኑን ሰማያዊ ወይም ሮዝ፣ ከሁሉም በላይ አረንጓዴ ይቀባል፤ ያውም በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል እንደ መስታወት የሚያበራውን ዘይት ቀለም። ከከተማው አረንጓዴ ሳሎኖች ሁሉ ደግሞ ትልቁ፣ ትልቅ ትንሹ "አዴ" ብሎ የሚያከብራቸው የጨርቅ ነጋዴዋ የሞሚና ሳሎን ነበር። ከወለል እስከ ኮርኒስ አረንጓዴ ነው። ኮርኒሱም አረንጓዴ ነው።

አዴ ሞሚና የመጀመሪያ ልጃቸውን ሀዲያን ሲድሩ ሳህሊቱ አዲሱን ጥበቧን ይዛ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስትተኩስ ዋለች። የካሜራዋ ስክሪን ወድቆ ከተሰነጠቀ ወዲህ ቀለሙን አታምነውም ነበር፤ ዐይን ደግሞ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ሲውል ይለምዳል። ጥላ የለም፣ ግንባር አያብለጨልጭም፣ ፊት ሁሉ ለስልሷል። በደስታ ስትንሳፈፍ ወደ ቤቷ ገባች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይሄ ነው።

አልበሙ ታትሞ የመጣው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ሀዲያ ከባሏ ቤት መጥታ፣ አክስቶቿ ተሰብስበው፣ ሳህሊቱም የክብር ቦታ ተሰጥቷት በዚያው ሳሎን ተከፈተ። በመጀመሪያው ገጽ ሙሽራዋ አረንጓዴ ነበረች። በሁለተኛውም አረንጓዴ ነበረች። በሦስተኛው ስቃለች፤ ጥርሷም አረንጓዴ ነበር።

"ሱብሃነላህ" አለች አንዷ አክስት።

አዴ ሞሚና አልበሙን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት፣ መልሰው አመጡት። "ሳህሊ" አሉ፣ "ልጄን ሙሽራ አድርጌ ሰጠሁሽ፤ ጫት አድርገሽ መለስሽልኝ!"

ሀዲያ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። አልበሙን ከእናቷ እጅ ወስዳ ዘጋችው፣ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች፣ ሳህሊቱ እስክትሄድ ድረስም አልወጣችም።

የአዴ ሞሚና አነጋገር ከእሷ ከሳህሊቱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ጎረምሳ ሳይቀር "እትዬ፣ የአወዳይ ነው የገለምሶ የምታወጪልኝ?" አላት። ሳህሊቱ በኮምፒውተር ልታቃናው ስትታገል ሰነበተች፤ አረንጓዴውን ስትቀንስ ሂናው ደም ይመስላል፣ ነጩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ሙሽራዋ ከጫትነት ወደ ቀይ ሥርነት ትለወጣለች። በመጨረሻም አዴ ሞሚና ሱቅ ሄዳ "አዴ፣ ግድግዳው እኮ ነው" ብላ ልታስረዳ ሞከረች። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አሁን ደግሞ ግድግዳዬን ልትከሺ?" ብለው መለሷት።

ስሙን እንኳን ችላዋለች። ያልቻለችው ሀዲያን ነው። ጉርድ ፎቶ ቢበላሽ ነገ ይደገማል፤ ሠርግ ግን አንዴ ነው። ያቺ ልጅ በሕይወቷ አንድ ቀን ዓለም ሁሉ ሊያያት ተቀምጣ ነበር፤ ሳህሊቱ ያን ቀን ወስዳ አበላሸችባት። መንገድ ላይ ሀዲያን ከሩቅ ስታይ ወደ ሌላ መንገድ ትታጠፋለች። ታፍር ነበር፤ በጣም ታፍር ነበር።

የሠርግ ጥሪ ቆመ። አንድ ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ነጋሽ በትሕትና ጀመረ። "ፎቶ ቤቱን ወደ ፎቶ ኮፒ ብንለውጠው ምን ይመስልሻል? ፎቶ ኮፒም ያው ፎቶ ነው።" ሳህሊቱ በዐይኗ ገረፈችው። ነጋሽ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉርድ ፎቶውን ሰው በየስልኩ እያነሳ በማተሚያ ቤት ሲያሳትም ያያል። ተነጋግረው ተስማሙ። እስከ መስከረም አንድ ሠርግ ካልተጠራች ማሽኑ ይገዛል፣ የፏፏቴው መጋረጃ ይወርዳል፣ ሳህሊቱ ቀሪ ዘመኗን የሰው ሰነድ ስታባዛ ትኖራለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋል። ሳህሊቱ ግን ቀለም ቤት ሄዳ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ገዛች፤ ቁርጥ የአዴ ሞሚናን ሳሎን ዓይነት። የፎቶ ቤቷን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀባችው። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየና እንዳበደች ተስማማ። ነጋሽ "ሰው የጣለውን ነገር ይሸሻል እንጂ ቤቱ ያስገባል?" አላት። "እዚሁ ነው የጣለኝ፣ እዚሁ ነው የምጥለው" አለችው።

ከዚያ በኋላ ነጋሽ ያየውን መከራ ነጋሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሳህሊቱ ትተኩሳለች። ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ወለል፣ በቀጥታ፣ በጎን። አንዴ እንደ ጎመን፣ አንዴ እንደ ኖራ ሆኖ ይወጣል። "በታሪክ እንደዚህ የተንገላታ ምርኮኛ አላስተማርኩም" ይላል፤ ግን በማግሥቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ይሄን ሰው ለፎቶ ኮፒው ነገር ይቅር ልንለው ይገባል።

መልሱ የመጣው ከጎረቤቷ ከአይናዲስ ነው፤ አይናዲስ ግን እስከዛሬም አታውቅም። አንድ ረፋድ ላይ አይናዲስ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ነጭ አንሶላ ገመዱ ላይ ዘርግታ፣ ዞር ብላ "እንዴት አደርሽ?" አለቻት። ሳህሊቱ ሰላምታውን አልመለሰችም። አሥር ዓመት የምታውቃት፣ ድካም ፊቷ ላይ የማይጠፋ አይናዲስ፣ ያን ቅጽበት አምራ ነበር። ፀሐይዋ የምትመታው አንሶላውን ነው፤ አንሶላው ደግሞ ያገኘውን ለአይናዲስ ፊት ያካፍላል። ከጀርባዋ ያለው የቆርቆሮ አጥር ሰማያዊ ነው፤ ፊቷ ላይ ግን ሰማያዊ የሚባል የለም።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለች አይናዲስ።

"እንዳትንቀሳቀሺ! እባክሽ እንዳትንቀሳቀሺ!" ብላ ሳህሊቱ ካሜራዋን ልታመጣ ሮጠች። ስትመለስ አይናዲስ ፈርታ ቤቷ ገብታለች። ግድ የለም፣ የሚታየው ታይቷል። ብርሃን የነካውን ነገር ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳው ካልሆነ የራሷን ግድግዳ ይዛ መዞር ነው!

መጀመሪያ በነጠላዋ ሞከረች። ነጠላ ስስ ነው፣ ግማሹን ብርሃን ያሳልፈዋል፤ ጥለቱም የራሱን ቀለም ያቀብላል። አራት ክንድ ነጭ አቡጀዲ ገዝታ ደርባ ዘረጋች፤ ከአዴ ሞሚና ሱቅ ግን አልገዛችም፣ በምን ዐይኗ ታያቸዋለች። ሌላው ችግር ፍላሹ ነበር። ካሜራው አናት ላይ እስካለ ድረስ እሷ ካለችበት ነው የሚተኩሰው፤ አቡጀዲው ደግሞ መሆን ያለበት ከሚነሳው ሰው ጎን ነው። ፍላሹ ከካሜራው መውረድ አለበት። ትሪገር የሚሉትን ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላከች፤ ሁለት ናቸው፣ ክብሪት ሣጥን ያክላሉ። አንዱ ካሜራው ላይ፣ አንዱ ፍላሹ ሥር ይገባል፤ እሷ እዚህ ስትጫን ፍላሹ ሽቦ ሳይኖረው እዚያ ማዶ ይበራል። ፍላሹን ከነጋሽ በስተግራ፣ ከፊቱ ከፍ አድርጋ አሰረችው፤ ራሱን ወደ አቡጀዲው አዞረችው። ነጋሽን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ አራቀችው። ተኮሰች።

ስክሪኑን አላመነችውም። ካርዱን አውጥታ ስልኳ ላይ ከፈተችው። ነጋሽ ጠይም ነበር። በቃ፣ ጠይም፤ እንደ ተፈጠረው። አንደኛው ጉንጩ በርቷል፣ ሌላኛው በቀስታ ወደ ጥላው ይሄዳል፤ አረንጓዴው ግድግዳ ከጀርባው ርቆ፣ ጠቁሮ፣ አርፎ ተቀምጧል። ሳህሊቱ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ "ስታምር!" አለችው። ነጋሽ ከተጋቡ ወዲህ ይሄን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ እናቱ ቤት ሰቀለው።

ጥበቡ ተገኘ። የጠራ ግን የለም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ ተጋመሰ፣ ነጋሽ የማሽኑን ነገር ማንሳት እየፈለገ ዝም ይላል።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ማለዳ፣ ዝናብ እያካፋ አንዲት ባጃጅ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አዴ ሞሚና ወረዱ። እጃቸው በሂና ቀልቷል፤ ሁለተኛዋን ልጃቸውን መፍቱሃን የሚድሩበት ቀን ነበር። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ከአዳማ ስላስመጧቸው ባለ ትልልቅ መብራት ፎቶ አንሺዎች ነው፤ ሳህሊቱም ሰምታለች።

አዴ ሞሚና ከበሩ ሳይገቡ ጀመሩ። "ሳህሊ፣ ወድጄሽ አይደለም የመጣሁት፤ ቸግሮኝ ነው። የአዳማዎቹ ሴት ፎቶ አንሺ አለችን ብለው ነበር። ዛሬ ሦስት ወንዶች ይዘው መጡ። ሦስት ወንድ! ልጄ ጋ ላስገባቸው?"

"አይሆንማ፣ አዴ።"

"የሙሽራው ወገኖች፣ ገለምሶዎቹ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሙሽሪትን ሊወስዱ ይመጣሉ። ከሴቶቹ ጋር ሳትነሳ ልትሄድ ነው።" ይሄኔ ዐይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ገቡ፣ በእጃቸው ነኩት። "አቦ፣ ይሄ የኔ ቀለም አይደለም እንዴ?"

"የእርስዎ ነው። ከዚህ ቀለም ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት። ይቀመጡ፣ ላሳይዎ።"

"እኔ ፎቶ አይወጣልኝም፣ ተይኝ።"

"ይቀመጡ፣ አዴ" አለች ሳህሊቱ፤ ሹሞችን በምታዝበት ድምፅ ነው ያለችው። አዴ ሞሚና ተቀመጡ። አቡጀዲው ተዘረጋ፣ ፍላሹ በጎን ታሰረ፣ አንዴ በራ። ስልኩን ስትሰጣቸው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት፣ ደግሞ አራቁት።

"እናቴን እመስላለሁ እንዴ?" አሉ በቀስታ። "አላህ ይዘንላት፣ እናቴ ቆንጆ ነበረች።" የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ወዲያው ነጋዴነታቸው ተመለሰ። "ምን ትጠብቂያለሽ? ዕቃሽን ያዢና ነይ!"

የሳሎኑ በር ላይ ግን ሀዲያ ቆማ ነበር። ከሠርጓ ወዲህ ሳህሊቱ ፊት ለፊት ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። የዓመት ልጇን ለአንዷ አክስት ሰጥታ፣ ሁለት እጇን በሩ ላይ ዘርግታለች።

"ይቺ ከገባች እኔ እወጣለሁ።"

"ሀዲያ!" አሉ እናቷ።

"እህቴንም ልታበላሻት ነው? አይበቃትም?"

ሳህሊቱ በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ ሁሉም ጠፋባት። "ልክ ነሽ" አለች። "ግድግዳውን ከስሼ ነበር፤ ግድግዳው ምንም አላደረገም። ያየሽው ሁሉ ጥፋት የኔ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቆ እያየሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳን አውጥቼ ሳላረጋግጥ፣ የራሴን ብልጠት ሳደንቅ ዋልኩ። ካሳ የለውም፤ አውቃለሁ። ዛሬ እያንዳንዱን ፎቶ በስልክ እያየሽ ነው የማነሳው። አንዷ ፎቶ አረንጓዴ ብትወጣ በራስሽ እጅ አስወጪኝ።"

ሀዲያ እጇን ከበሩ አወረደች፤ መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች አሉ። ሙሽራዋ መፍቱሃ መሐል ላይ፣ ስድስት ሚዜዎች ከግራና ከቀኝ። የሳህሊቱ አራት ክንድ አቡጀዲ ለአንድ ሰው እንጂ ለሰባት እንደማይበቃ ገና ስትዘረጋው ታወቀ፤ ዳር ያሉት ሚዜዎች አረንጓዴው ውስጥ ቀሩ። ከበሩ በኩል የሀዲያ ዐይን ይሰማታል።

"ምንድነው የጎደለሽ?" አሉ አዴ ሞሚና።

"ነጭ ጨርቅ። ብዙ ነጭ ጨርቅ።"

አዴ ሞሚና እንደተሰደበ ሰው አዩዋት። "ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠች ሴት ቤት ቆመሽ ጨርቅ ጎደለኝ ትያለሽ?" ሱቃቸው ግቢው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ሴቶች ሄደው አንድ ሙሉ ጣቃ አቡጀዲ ተሸክመው መጡ፤ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ አላልቅ አለ። አክስቶች በቁመታቸው ተደርድረው ይዘውት የግራው ግድግዳ በሙሉ ነጭ ሆነ። የቀረውን ሌሎቹ ወለሉ ላይ አነጠፉት። አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ሌላ ነጭ ሳሎን ተሠራ።

የቀረው ፍላሹን የሚይዝ ሰው ነበር። ክፍሉ ስለሞላ ማቆሚያ የሚቆምበት ቦታ የለም። የመጀመሪያዋ አክስት ያዘችውና ሳህሊቱ ስትተኩስ እሷም ወደ ካሜራው ዞራ ፈገግ አለች፤ ፍላሹም አብሯት ዞረ። ሁለተኛዋ መብረቅ እንደሚመጣ ዐይኗን ጨፍና ፍላሹን ወደ ኮርኒሱ ላከችው፤ ሁሉም አረንጓዴ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳህሊቱ ግን አልሳቀችም፤ ሰባት ሰዓት አልፏል።

"አምጪው ወዲህ!" አለች ሀዲያ። ከመቃኑ ተላቃ መጥታ ፍላሹን ከአክስቷ እጅ ነጠቀችው። "ያን አልበም ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ብርሃኑ የት የት እንደተበላሸ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የት ልያዘው?"

"ከፍ አድርጊው። ፊቱን ወደ ጨርቁ።"

"እንዲህ?"

"ትንሽ ወደ ኋላ። እዚያው!"

በራ። ሳህሊቱ ካርዱን አውጥታ ስልኩን ለሀዲያ ሰጠቻት፤ ራሷ ሳታይ ነው የሰጠቻት። ሀዲያ አየች። ሁለት ጣቷን አድርጋ የእህቷን ፊት አጎላችው፤ ጥርሱን፣ ሂናውን፣ ነጩን ሁሉ አንድ በአንድ መረመረች። ከዚያ ስልኩን ለሴቶቹ አዞረችው፤ እልልታው የጣለውን ዝናብ አስረሳ። መፍቱሃ ስልኩን ቀምታ "ዋላሂ እኔ ነኝ!" እያለች ትዘል ጀመር፤ ሚዜዎቹ ይዘው አስቀመጧት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲሠሩ ላየ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ ይመስላሉ። ሳህሊቱ በእጇ ታሳያለች፣ ሀዲያ ታንቀሳቅሳለች። ለአሮጊቶቹ ብርሃኑ ዝቅ ይላል፣ ለሂናው እጅ ጠጋ ይላል፣ ለወርቁ በጎን ይመጣል። "ፎቶ አይወጣልኝም" ስትል የነበረችው ሁሉ ወረፋ ያዘች። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አንዷ አክስት ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስቱንም አየች። ሳህሊቱ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ልትደብቀው ብትሞክርም አልተቻላትም። ሠርግ ውስጥ ናት። ሥራዋ ላይ ናት። ማሽን የሚገዛ ካለ ለራሱ ይግዛ!

ስምንት ሰዓት ላይ ከታች ከአስፋልቱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ገለምሶዎቹ ደረሱ። ሴቶቹ ለሙሽራዋ መሸፈኛ ሲሯሯጡ ሳህሊቱ ዞር ብትል ሀዲያ የለችም። ፍላሹ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

የጓዳው በር ተከፈተ። ሀዲያ እናቷ ሣጥን ውስጥ ያኖሩላትን የራሷን የሠርግ ቀን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ከወለደች ወዲህ ወፍራለችና ከጀርባዋ አልዘጋ ብሎ አንዷ አክስት በመርፌ ቁልፍ እየያዘች ትከተላታለች። ሀዲያ ማንንም ሳታይ መጥታ እህቷ የተነሳችበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

"እኔንስ?" አለች።

ሳህሊቱ ካሜራውን አነሳች፤ ግን ፍላሹን የሚይዝ አልነበረም፣ አክስቶች ሁሉ እጃቸው አቡጀዲው ላይ ነው። ይሄኔ መፍቱሃ የተጎናጸፈችውን መሸፈኛ ጥላ፣ ወርቋን ወደ ክንዷ ሰብስባ፣ ፍላሹን አነሳችው። ሙሽራ ናት፤ በር ላይ ሙሽራው ቆሟል። "እህቴ እንዳሳየችኝ ነው የምይዘው" አለች፣ "ከፍ፣ ፊቱን ወደ ጨርቁ።"

ጥሩምባው በረታ። አንድ የገለምሶ ሽማግሌ ከግቢው "ኧረ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሙሽሪትን አውጡልን!" እያሉ በሩን መቱ። ሀዲያ አገጯን ከፍ፣ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

አዴ ሞሚና በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱና አንገታቸውን ብቻ አወጡ። "ጠብቁ!" አሉ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። "ገና ትልቋን እየዳርኩ ነው!"

መልሰው ዘጉት። ሳህሊቱ ዐይኗን ጠርጋ ተጫነችው።